ወንበር ቁጥር አርባ አንድ

የእድራችን ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አራቱ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ሳህኑና ጭልፋው፣ መቶ ሃያው ታጣፊ ወንበር ሁሉ የሚቀመጠው ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ዌስተርቪል ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቴ መኪናውን ውጭ ያቆማል። በረዶ በወረደ ቁጥር መስታወቱን እየፋቀ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ እንዳላየሁ ሆኜ ሻዬን እጠጣለሁ።

በእያንዳንዱ ወንበር ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፌበታለሁ። ለቅሶ ሲበተን በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ስለምቆጥር ብዙ ሰው ያማኛል። “ለማልቀስ ነው የምትመጪው ወይስ ለመቁጠር?” ያለችኝም አለች። ለሁለቱም ነው የምመጣው። ንብረቱን ከተረከብኩ ጀምሮ አንድ ወንበር ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። አርባ አንድ ቁጥርም አልጠፋም። ራሴ አውቄ ነው ትቼው የመጣሁት።

ወንበሩን በተውኩበት ዓመት የመጣው ሃሪኬን፣ ከባሕር የተነሳው አውሎ ነፋስ፣ እኛ ጋ የደረሰው ዝናብና ጥቂት የተሰበረ ቅርንጫፍ ሆኖ ነው። ከእኛ በስተደቡብ ባሉት የካሮላይና ተራሮች ላይ ግን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ወንዙ መንደሩን ይዞ ሄደ፤ ውሃ የጠጣው ተራራ ደግሞ ተንዶ ከነዛፉ ቤት ላይ ወረደ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ቡናማ ውሃ ያሳያል። እኔም የአዛውንቶቹን ትራስ እያስተካከልኩ አያለሁ፤ አልቅሼም ነበር።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ ልብስ እንሰብስብ አለ፣ ሌላው የታሸገ ውሃ እንግዛ አለ። የእድራችን ዳኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ሁሉም ተናግሮ ሲደክመው፣ “ልብስና ውሃማ ሁሉም ይልካል። ሰው ሞቶባቸዋል አይደል እንዴ? እኛ የምናውቀውን ይዘን እንሂድ” አሉ። በዚያው ተወሰነ። የምናውቀው ለቅሶ ነው። ድንኳን መትከል፣ ሰው ማስቀመጥ፣ ማብላትና አብሮ መዋል።

ግን ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም፤ መጀመሪያ ለአካባቢው የእርዳታ ማስተባበሪያ በኢንተርኔት ፎርም መሙላት ነበረብን። ልጆቻችን ይሙሉት ሲባል እምቢ አልኩ። በየቀኑ የአሥራ ሁለት ሰው የእንክብካቤ ሪፖርት በእንግሊዝኛ የምጽፍ ሰው ፎርም ያቅተኛል ወይ? ፎርሙ የድርጅቱን ዓይነት ይጠይቃል። እድር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? አሰብኩና “ፊውነራል አሶሲዬሽን”፣ የቀብር ማኅበር ብዬ ጻፍኩ። ምን አገልግሎት ትሰጣላችሁ ሲለኝ፣ ሰው ሲሞት ሳንጠራ እንደርሳለን፣ እስከ መጨረሻው ሁሉን ነገር እናደርጋለን አልኩ። ልምድ ሲለኝ፣ ብዙ ሰው ቀብረናል ብዬ መለስኩ። ሰብሚት አደረግሁና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ፎርሙን የሞሉ ቤተክርስቲያኖች እንኳ መልስ አጥተው ቀናት ሲጠብቁ እኛን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኮል አደረጉን። አንዲት ሴት በደከመ ድምፅ፣ በጣም ነው የምንፈልጋችሁ፣ መቼ ትደርሳላችሁ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለጋሼ፣ “አዩ፣ አጻጻፍ ነው” አልኳቸው። ለምን ይህን ያህል እንደቸኮሉብን ለመጠየቅ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ አልነበረም፤ በኩራት ተሞልቶ ነበር።

በሦስት ቫንና በአንድ የኪራይ ትራክ ተነሳን። አሥራ ስድስት ሰው ነበርን፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም። ምግቡ የጾም ይሁን አይሁን በሚለው ላይ የተነሳው ክርክር ኦሃዮን እስክንወጣ ድረስ አላለቀም፤ በኋላ ምስር ማንንም አያስቀይምም ተባለና አለቀ። ተራሮቹ ውስጥ ስንገባ ወሬው ራሱ ቆመ። መንገዱ ግማሹ የለም። አንድ የልጅ ብስክሌት ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ከዚያ በኋላ መስኮት መስኮቱን ማየት ትቼ ጉልበቴን እያየሁ ሄድኩ።

የተላክነው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። አስተባባሪዋ፣ ያቺው ስልክ የደወለችልኝ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ እየሮጠች መጣች። ዓይኗ ትራኩ ላይ ነው። “ማቀዝቀዣው የት አለ?” አለችኝ። የምግቡን መስሎኝ ኮራ ብዬ፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልገንም፣ ሥጋ የለበትም አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቀስ ብላ፣ በቀን ስንት ሰው መያዝ ትችላላችሁ አለችኝ። ሦስት መቶ፣ ካስፈለገም አራት መቶ አልኩ። ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ የትራኩ በር ተከፈተና ብረት ድስቶቹን አየች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለሁለታችንም የገባን። ትጠብቅ የነበረው አስከሬን የሚያጥቡና የሚገንዙ፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ያላቸው ባለሙያዎችን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የጻፍኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትየዋ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ምግብ የሚያመጣ ብዙ አለ፣ የያዛችሁብኝን ቦታ ለሌላ ልሰጠው እችል ነበር፣ እባካችሁ ተመለሱ አለች። አብሮኝ የመጣው ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። ጋሼ ብቻ አላዩኝም። እሳቸው መኪና ማቆሚያውን ነበር የሚያዩት።

ማቆሚያው በመኪና ተሞልቷል። በየመኪናው ውስጥ ሰው አለ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። ሰው የጠፋባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለው ቢሮ የተገኘው አስከሬን ማንነት ይጣራል፤ እነሱ ደግሞ ውጭ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ አራት ቀን ሆኗቸዋል። ቆመን ሳለ አንድ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ወጣ፣ ወደ አንዲት ቀይ መኪና ሄደና መስታወቱን አንኳኳ። መስታወቱ ወረደ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፣ ትከሻዋን በመስኮት ነካ አድርጎ ተመለሰ። መስታወቱ ተመልሶ ወጣ። ውስጥ ያለችው ሴት ስትጮህ አፏ ይታየናል፣ ድምጿ ግን አይሰማንም።

በሕይወቴ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ፖሊሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲመለስ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። እንዴት እንደሚደረግ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ “ይቺን ልጅ እንዲህ በያት” አሉኝ። “አንቀብርም። ግን መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ድንኳኑን እንትከልና ካልጠቀምናት ነገ እንሄዳለን።” ተረጎምኩላት። መርዶ የሚለውን ቃል ግን በእንግሊዝኛ አጣሁት፤ እንደገና ላሳስታት ደግሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ ነገሩን ራሱን ነገርኳት። እኛ ዘንድ ሰው የዘመዱ ሞት በስልክ አይነገረውም፣ ብቻውን ሆኖ አይሰማም፣ ቆሞም አይሰማም፤ መጀመሪያ የራሱ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ በዕድሜ የገፋ ሰው ይነግረዋል፣ ሲወድቅ የሚይዙት እጆች አስቀድመው እዚያ ይሆናሉ። ስጨርስ ቀይዋን መኪና አየች። እስከ ነገ ብቻ አለች።

ድንኳኑን በአርባ ደቂቃ ተከልነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ፣ ማንም በአርባ ደቂቃ አይተክለውም። ወንበሩ ተደረደረ፣ ምስሩ ተጣደ። የቀይዋን መኪና ሴት ሁለት እህቶቻችን ሄደው እጇን ይዘው አመጧት። ሲያለቅሱላት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ኋላ ከእነሱ ብሳ አለቀሰች። ድምጿ ያን ጊዜ ተሰማ። ከየመኪናው መስታወት መውረድ ጀመረ፣ ከዚያ በር መከፈት ጀመረ።

አንድ አዛውንት ብቻ አልመጡም። ጭቃ የሸፈነው አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፣ የሚነዱ ይመስል። ናዳው ቤታቸውን የወሰደው እሳቸው ውሻ ሊፈቱ ውጭ በወጡበት ነው። ሚስታቸው ውስጥ ነበሩ። አስተባባሪዋ እንደነገረችኝ አራት ቀን ሙሉ የሰጧቸውን ምግብ ተቀብለው ከጎናቸው ባለው የመኪናው መቀመጫ ላይ ያስቀምጡታል እንጂ አይበሉም። ልጅ የላቸውም።

ጋሼ ሁለት ወንበር አንስተው ሄዱ። አንዱን ከፒክአፑ በር አጠገብ ዘርግተው ተቀመጡበት፤ ሁለተኛውን፣ አርባ አንድ ቁጥሩን፣ ከጎናቸው ዘረጉት። እንግሊዝኛቸው ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ለዚህ የሚሆን አይደለም። እንዲሁ ወደ ተራራው እያዩ ተቀመጡ። እኔ ከድስቱ አጠገብ ሆኜ በዓይኔ እከታተላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ወንበሮቹንም ጭምር። ከሰዓት በላይ ሆነ። ከዚያ የፒክአፑ በር ተከፈተ፣ አዛውንቱ ወርደው አርባ አንድ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ተራራውን ያያሉ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አስተባባሪዋ ወደ እኔ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የአዛውንቱ ሚስት ተገኝተዋል አለችኝ። ፖሊሱ ወረቀቱን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ዞር ብዬ ሳይ አዛውንቱ ያን ጊዜም አርባ አንድ ላይ ናቸው፣ ከጋሼ በቀር አጠገባቸው ሰው የለም። ከትናንት ጀምሮ የምንኮራበት ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሊፈተን ነው።

“አንድ ሰዓት ስጪን” አልኳት።

አይቻልም አለች። ሰውየው የማወቅ መብት አላቸው፣ እኛ እያወቅን እሳቸው ሳያውቁ አንድ ደቂቃ ማሳለፍ ልክ አይደለም አለች። ልክ ነበረች፤ ዛሬም ልክ ነበረች እላለሁ። እኔም ተናድጄ ነበር፣ ግን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እንዲህ አልኳት፦ “እሳቸው ማወቃቸውማ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው ሁሉ ይህንን እያወቁ ነው የሚያልፈው። የነገራቸው ሰው ማን እንደነበር፣ ማን እጃቸውን እንደያዘም አይረሱም። ለዚያ ነው አንድ ሰዓት የምጠይቅሽ።”

ፖሊሱን አየችው። ፖሊሱ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ብበላ ይሻላል አለ። ተቀምጦ ምስር በዳቦ ሲበላ ያን ያህል በቀስታ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኛ ሮጥን። ውሃ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ እየዞርን ከአዛውንቱ ሸለቆ የመጣ ሰው አለ ወይ እያልን ጠየቅን። አንድ ባልና ሚስት ተገኙ። የአዛውንቱ ሚስት በእሑድ ትምህርት ቤት ያስተማሯት አንዲት ወጣት ሴት ተገኘች። የቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤታቸው ከነጭቃ ጫማው መጣ። በመጨረሻ ከሌላ መጠለያ ፓስተራቸውን በሰው መኪና አስመጣን። አምስት ሰው ሆኑ። ለአምስቱም ነገርናቸው፤ እዚያው ያለቀሱት አለቀሱና ፊታቸውን ታጠቡ።

ጋሼ በዚህ መሀል አንድ ሳህን ምስር አስመጥተው መጀመሪያ ራሳቸው ጎረሱ፣ ከዚያ ሳህኑን ለአዛውንቱ ሰጡ። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሉ። ግማሹን በሉ። በአምስት ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

አብረን ተያይዘን ወደ እሳቸው ሄድን። ጎረቤቶቻቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አዛውንቱ ቀና ብለው የሚያውቋቸውን ፊቶች አንድ በአንድ አዩና ሳህኑን መሬት አስቀመጡ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ማንም ሳይነግረው ከፊታቸው በጉልበቱ ተንበረከከ።

“አገኛችኋት” አሉ አዛውንቱ። ፖሊሱ አዎ አለ። ሌላ ምንም ማለት አላስፈለገውም። የቧንቧ ሠራተኛው በአንድ በኩል፣ ጋሼ በሌላ በኩል ትከሻቸውን ይዘው ነበር። እህቶቻችን እንደ ወጋችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ የሸለቆው ሴቶችም አብረው አለቀሱ። ማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። አዛውንቱ ከወንበሩ አልወደቁም።

አስተባባሪዋ ከሩቅ ቆማ ታይ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ከአሁን ወዲያ ማንም በመኪና መስኮት አይነገረውም፣ ሁሉም እዚህ ድንኳን ውስጥ ነው፣ መቆየት ትችላላችሁ ወይ አለችኝ። ዘጠኝ ቀን ቆየን። ከኮሎምበስ በፈረቃ እየተተካካን፣ ሥራ ያለው ሲሄድ ሌላው እየመጣ። ሠሌዳዋ ላይ ከሰፈሩት የቡድን ስሞች አጠገብ የእኛን ሥራ ስትጽፍ ምን እንደምትለው ጠፍቷት ጠየቀችኝ፤ እኔም ከእንግዲህ አልተረጉምም ብዬ “መርዶ” አልኳት። እንደሰማችው ጻፈችው። ፊደሉ ልክ አልነበረም፣ እኔን ግን ደስታው ሊገድለኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ፣ ድስቱ ታጥቦ ተጫነ፣ እኔም እንደ ልማዴ ትራኩ ጋ ቆሜ ወንበር ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ዘጠኝ። ዞር ስል አዛውንቱ ባዶው ሜዳ ላይ አርባ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ቀብር ፈጽመው ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሰው ሁሉ ምን እንደማደርግ ያየኛል፣ አንዳንዱም ይስቃል። ሄድኩና የእኔንና የጋሼን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፣ ትከሻቸውን ስሜ ተመለስኩ። ሹፌሩ ሞላ ወይ ሲለኝ ሞልቷል፣ ንዳ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ጋሼና አዛውንቱ በየእሑዱ ይደዋወሉ ጀመር። ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቀው። አዛውንቱ ስለ ውሻቸውና ስለሚሠሩት ቤት ይተርካሉ፣ ጋሼ ኦኬ፣ ኦኬ ይላሉ፤ አንዳንዴ ጋሼ በአማርኛ ይመልሳሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይዘጋሉ።

በረዶው በበረታበት ወር የጋሼ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ አረፉ። ወሬው ለእኛ ቀድሞ ደረሰን። እንደ ወጉ ማልደን ፒከሪንግተን ወዳለው ቤታቸው ሄድን፣ ሃያ የምንሆን ሰው በረዶው ላይ ቆመን በሩን አንኳኳን። የስንቱን ቤት በር በእንዲህ ያለ ማለዳ ራሳቸው ጋሼ አንኳኩተዋል። ከፍተው አዩን። ሁላችንንም አዩና፣ “የትኛው ነው?” አሉ። ነገርናቸው። ያዝናቸው።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። እሑድ አዛውንቱ ሲደውሉላቸው አላነሱም። ስለዚህ እኔ ጋ ደወሉ። ነገርኳቸው። መንገዱ በረዶ ነው፣ እንዳይመጡ፣ እኛ አለን አልኳቸው። አዛውንቱ የጠየቁኝ አድራሻውን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ፒክአፕ፣ አሁን ታጥቦ፣ ከበሩ ቆመ። አዛውንቱ ጥቁር ኮት ለብሰው ወረዱ፣ ከኋላ ታጥፎ የተጫነውን አርባ አንድን አወጡና ወደ እኔ መጡ። “ወንበራችሁን አመጣሁ። ሰውየው የት ናቸው?” አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ልቀበል ስል ሰጡኝ እንዳይመስላችሁ። ይዘውት ገቡ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ሰው ጠጋ ጠጋ አለላቸው። ከጋሼ አጠገብ ዘርግተው ተቀመጡ። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ተራራ የለም፣ ግን እንደዚያው ነው ያዩት የነበረው። ብዙ ቆይተው ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሳህን አንድ ጊዜ ጎረሱና ሳህኑን ለጋሼ አቀበሉ። ጋሼ ተቀብለው በሉ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በፎጣ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።

ሲመሽ ሰው ተበተነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አልተነሱም። እኔ ሌላውን ወንበር ሁሉ እየቆጠርኩ አስጫንኩ፣ ዌስተርቪል ወስጄ ከባለቤቴ ጋር ጋራዡ ውስጥ ደረደርነው። ባለቤቴ እጁን እያሞቀ ስንት ሆነ አለኝ።

“መቶ አሥራ ዘጠኝ” አልኩት። “ሙሉ ነው።”